የእንጉዳይ ቤቱ መተንፈሻ

ምን ልበላችሁ፣ ካሰች ፋንታው ያን ሐሙስ የሰማችውን ዓይነት ስድብ ሪያድ በኖረችበት ስድስት ዓመት እንኳን አልሰማችም። ሰዳቢዋ ክፉ ሰው ቢሆኑ ደህና ነበር። እትዬ ብዙነሽ ናቸው፤ ደብረ ታቦር ውስጥ የአንድ ሆቴል ማድ ቤት ኃላፊ፣ እጃቸው የጣፈጠ፣ አፋቸው ግን ሚጥሚጣ የሆነ ሴትዮ። ካሰች ሳፋዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ሽፋኑን ገለጠችላቸው። እሳቸውም አንዱን እንጉዳይ በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው ወደ መስኮቱ አነሡና ከት ብለው ሳቁ።

"ይኼ ምንድን ነው ልጄ? እንጉዳይ ነው ወይስ የባቄላ ቡቃያ?"

መቼስ እውነት እውነት ነው፣ አይፈረድባቸውም። እንጉዳዩ እግሩ ረዝሞ፣ ቀጥኖ፣ ተጣሞ፣ ባርኔጣው ከሸሚዝ ቁልፍ አይበልጥም ነበር። መሆን የነበረበት እግሩ አጭር፣ ላዩ እንደ ጆሮ የሰፋ፣ መዳፍ የሚሞላ ነው።

"እትዬ፣ ጣዕሙ ግን ጥሩ ነው። ቢቀምሱት..."

"ጣዕሙን ማን ጠየቀሽ! ይኼን ክር የመሰለ ነገር ጠብሼ እንግዳ ፊት ባቀርብ ነገ የሚነሣው የኔ ስም ነው።" ከዚያ የልጅቱን ፊት አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ስሚኝ፤ ሁዳዴ ሊገባ አሥራ ስምንት ቀን ቀርቶታል። ሥጋ የለ፣ ቅቤ የለ፣ እንቁላል የለ፤ እንግዳው ሽሮ በቃኝ ይላል። ባለቤቱ የእንጉዳይ ጥብስ አምጪ እያለ ነፍሴን አውጥቷታል። ጾሙ የሚገባ ሰኞ ጠዋት ሁለት ቅርጫት፣ ደህና አድርጎ የሰፋ ካመጣሽልኝ እስከ ፋሲካ ካንቺ እገዛለሁ። ካልሆነልሽ ከባሕር ዳር አስመጣለሁ። በኋላ ግን አትቀየሚኝ።"

ካሰች ሳፋዋን አንሥታ ወጣች። ባጃጅ ሳትይዝ ወደ ጉና ተራራ በሚወስደው መንገድ በእግሯ ሽቅብ ወጣች፤ ተሳፍራ ሰው ፊት እንዳታለቅስ ፈርታ ነው።

የፈራችው ስድቡን አልነበረም። ከሪያድ ከተመለሰች ዓመቷ ነው። ይዛ የመጣችውን ሁሉ እንጉዳዩ ላይ አፍስሳዋለች። የመጀመሪያው ዙር ሻግቶ ተጣለ። ሁለተኛው ይኸው የባቄላ ቡቃያ ተባለ። ፓስፖርቷን የያዘው የባሕር ዳር ደላላ ደግሞ በየሳምንቱ ይደውላል፤ "ቪዛሽ ዝግጁ ነው፣ እሺ በይኝና ጨርሽ" እያለ። ካሰችም ከራሷ ጋር ተማምላለች፦ ሁዳዴ እስኪገባ ድረስ ሆነ ሆነ፣ ካልሆነ ተመልሳ ትሄዳለች። እዚያ ቤት፣ እዚያ ወጥ ቤት ጥግ ያለች መስኮት የሌላት ክፍል ውስጥ ለሌላ ሁለት ዓመት መተኛት ማለት ነው። እዚህ ደግሞ አባቷ አያ ፋንታው ብቻቸውን ሊቀሩ ነው፤ እናቷ ከሞተች ሰባት ዓመት አልፎታል። እሳቸው ስለ መሄዷ አንዲት ቃል ተናግረው አያውቁም። ሂጂም አይሉ፣ አትሂጂም አይሉ።

ቤት እንደገባች ለሲሳይ ደወለች። ሲሳይ የእንጉዳይ ዘር የሸጠላትና ለሦስት ቀን ያሠለጠናት መምህር ነው፤ ትዕግሥቱ የተባረከ ሰው።

"በሩን ስትከፍቺ ምን ይሸትሻል?" አላት።

"የታፈነ ነገር። ጠዋት ስገባማ ራሴን ያዞረኛል።"

"አንቺን ካዞረሽ እነሱስ? ካሰች፣ እንጉዳይ እንደ ሰው ይተነፍሳል እኮ! የተቃጠለውን አየር ያወጣል፣ ያ አየር ደግሞ ከባድ ነው፣ ወለሉ ላይ ይተኛል። እግራቸውን የሚያረዝሙት አየር ፍለጋ ነው። ለመሆኑ ቤቱ መተንፈሻ አለው?"

መተንፈሻ! ኧረ በምን ዕድሉ! ያ ቤት ድሮ የአያ ፋንታው በሬዎች የሚያድሩበት የጭቃ ቤት ነበር። የጉናን ብርድ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ግድግዳ ላይ ቀዳዳ ካየ ዓይኑ ይቀላል። አባትና ልጅ የእንጉዳዩን ዘር የቀላቀሉበትን ገለባ በየላስቲኩ ሞልተው ከመደርደራቸው በፊት ሙሉ ሳምንት ቀዳዳ ሲያድኑ ነው የሰነበቱት። ጭቃና የጤፍ ጭድ አቡክተው ግድግዳውን መረጉ፣ ከጣራው ሥር ያለውን ክፍተት በጨርቅ ወተፉ፣ በሩን በላስቲክ ደረቡ። አያ ፋንታው እንጉዳዩን "የጅብ ጥላ" እያሉ ቢያሾፉበትም ሥራው ላይ ግን ቀልድ አያውቁም። "አራስ ቤት ማለት ነው፤ ነፋስ እንዳይነካው" ብለው የመጨረሻዋን ቀዳዳ በአውራ ጣታቸው ደፈኗት። እዩልኝ እንግዲህ! ሰው በፍቅር ሲገድል።

"እና በሩን ከፍቼ ልተወው?" አለች ካሰች።

"እርጥበቱን ትጨርሺዋለሽ፣ ዝንብም ይገባል። መግቢያና መውጫ አብጂለት። በአንድ በኩል እየሳበ የሚያወጣ ማራገቢያ፣ በሌላ በኩል ንጹሕ አየር የሚገባበት። ቱቦ ያስፈልግሻል።"

ካሰች ስልኩን ዘግታ ብቻዋን ሳቀች። ስድስት ዓመት! ስድስት ዓመት ሙሉ ወንበር ላይ ቆማ የእመቤቲቱን ቤት የአየር ቱቦ አፎች ስትጠርግ ኖራለች። የትኛው አፍ እንደሚተፋና የትኛው እንደሚስብ ከአቧራው ታውቃለች፤ የሚስበው ሁልጊዜ ቆሻሻ ነው። ወንፊቱ ሲደፈን ቤቱ ሁሉ እንደሚታፈን ታውቃለች። ቱቦው በተጣጠፈ ቁጥር አየሩ እንደሚደክምም ታውቃለች። ማንም አላስተማራትም፤ አንገቷ እየተቀጨ በእጇ ነው የተማረችው። ያ ሁሉ መከራ እንዲህ ላለ ቀን ይጠቅመኛል ብላ አስባ አታውቅም ነበር።

በማግስቱ ገበያው አጠገብ ወዳለው ስማቸው ዘንድ ሄደች። ስማቸው ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ነው፤ አሸንዳ፣ የጭስ ማውጫ፣ ሳጥን ይሠራል። መንደርተኛዋ ስለሆነ ከልጅነቷ ያውቃታል፤ በሰው ላይ መቀለድም ይወዳል።

"የጭስ ማውጫ ነው የምትፈልጊው?" አላት።

"አይደለም። ጭስ የለም።"

"ጭስ ከሌለ ምን ሊወጣበት?"

"አየር።"

ስማቸው መዶሻውን አስቀመጠ። "እታለም፣ አየር በበር ይወጣል። በዚህ ከተማ ለአየር ቱቦ የሚያሠራ ሰው ሳይ አንቺ የመጀመሪያዬ ነሽ።"

"እንግዲያ አሳምረህ ሥራልኝ፣ ሁለተኛው ሰው እንዲመጣልህ።"

እየሳቀ ወረቀት አወጣና ሣለላት። ቱቦው ከወለል ተነሥቶ ይታጠፋል፣ ግድግዳውን ይዞ ይወጣል፣ እንደገና ይታጠፋል፣ ቋሚውን ይዞራል፣ ይታጠፋል። ካሰች መታጠፊያዎቹን በጣቷ ቆጠረች። "ጎሚቶው አራት ነው? ሁለት ይበቃዋል። በየመታጠፊያው ጉልበቱ ይሰበራል።"

"ይኼን ደግሞ የት ተማርሽው?"

"ወንበር ላይ" አለችው፤ እሱም እንደ ቀልድ ቆጠረው። ሥራውን ግን አልቀለደበትም። በአምስተኛው ቀን ቱቦዎቹን በጋሪ ጭኖ ራሱ መጣ። ማራገቢያውን ካሰች ከተዘጋ ምግብ ቤት ነው የገዛችው፤ ወፍራም የማድ ቤት ቅባት ነበረበት፣ በአመድ ፈትጋ አጸዳችው።

መውጫውን በጉና በኩል ባለው ግድግዳ አደረጉት። ለምን በዚያ በኩል? ድሮ በሬዎቹ ጭድ የሚወረወርላቸው መስኮት ነበረበትና ብዙ መቆፈር አላስፈለገም፤ ሌላ ምክንያት የለውም። ቱቦው ወለሉ አጠገብ አፉን ከፍቶ ከባዱን አየር ይስባል፣ ግድግዳውን ይዞ ይወጣል፣ በመስኮቱ በኩል ወደ ጉና ይተፋዋል። ንጹሑ አየር ደግሞ በወዲያኛው ግድግዳ፣ ከጣራው ሥር፣ ወንፊት በተወጠረበትና እርጥብ ጆንያ በተንጠለጠለበት ቀዳዳ ይገባል። ካሰች አንዲት ቀጭን የፌስታል ክር ቱቦው አፍ ላይ አሰረችና ማራገቢያውን አስነሣችው። ክሯ ተወዛወዘች፣ ተዘረጋች፣ ወደ ቱቦው ውስጥ ጥልቅ አለች።

"እልልልል!" ካሰች ብቻዋን እልልታዋን አቀለጠችው። ስማቸውም ሳያስበው አጨበጨበ።

አያ ፋንታው በሩ ላይ ቆመው ነበር። "በየካቲት ብርድ ቤት ትቀጃለሽ?" አሉና ራሳቸውን እየነቀነቁ ሄዱ።

ለተወሰኑ ቀናት ቤቱ ንጹሕ ንጹሕ ሸተተ። ከዚያ የስድብ ሐሙስ በኋላ በአሥራ አንደኛው ቀን ከየላስቲኩ ቀዳዳ ላይ እንደ ሰሊጥ ፍሬ ያሉ ነጫጭ ነጥቦች ብቅ ብቅ አሉ። ሦስተኛው ዙር መጣ! ካሰች ያን ቀን ምሳ ሳትበላ ስትቆጥራቸው ዋለች።

በማግስቱ ማክሰኞ ጠዋት በሩን ስትከፍት ያ የታፈነ ሽታ አፍንጫዋን መታው። ማራገቢያው ይዞራል፣ ድምፁም ደህና ነው፤ አየሩ ግን ሞቷል። ነጥቦቹ በአንድ ሌሊት ቁመት ማውጣት ጀምረዋል፤ ያው ቀጭን እግር። ቀና ብላ መግቢያውን ብታይ የአባቷ አሮጌ ጋቢ ተጠቅልሎ ቀዳዳው ውስጥ ጥርቅም ብሏል።

"አባባ!" ብላ ጮኸች። "ይኼን ያደረጉት እርስዎ ነዎት?"

አያ ፋንታው እያዘገሙ መጡ። "ሌሊት ውርጭ ነበረ። ልጆቹ ይበርዳቸዋል ብዬ ነው።"

"የምን ልጆች! ልጅ አይደሉም፣ እንጉዳይ ናቸው! አየር ካላገኙ እንደሚሞቱ ስንት ጊዜ ነገርኩዎት? ወይስ ወደ ሰው አገር ተመልሼ ብሄድልዎት ነው የሚሻልዎት?"

ይኼ ከአፏ ከወጣ በኋላ መመለሻ አልነበረውም። አያ ፋንታው ጋቢያቸውን ከእጇ ተቀብለው አራገፉት፣ ተከናነቡት፣ ወጥተውም አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ካሰች ምላሷን በነከሰች! ግን ሄዳ ይቅርታ ለመጠየቅም ንዴቷ አልበረደላትም ነበር።

መግቢያው ከተከፈተ ሁሉም ነገር ይስተካከላል ብላ ጠበቀች። እስከ ረፋድ ጠበቀች። እስከ እኩለ ቀን ጠበቀች። ሽታው ወይ ፍንክች! ቱቦው አፍ ላይ ያለችውን ክር ብታያት ወደ ውስጥ በመዘርጋት ፈንታ ወደ ቤቱ፣ ወደ እሷ ትወዛወዛለች። እጇን ብታስጠጋ ቀዝቃዛ ነፋስ ከቱቦው ይወጣል። ማውጫው ያስገባል ማለት ነው! ማራገቢያውን ፈታች፣ ጠረገች፣ መልሳ ገጠመች። ያው ነው። ሽቦውን አየች። ያው ነው። መጨረሻ ላይ እርጥቡ ወለል ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠችና አለቀሰች። ያቺ መስኮት የሌላት ክፍል ታየቻት፣ የእመቤቲቱ ድምፅ ተሰማት። ስድስት ቀን ቀርቷታል፤ ካሁን በኋላ ሌላ ዙር የለም።

አያ ፋንታው ለቅሶዋን ሰሙ። የገዛ ልጁን ለቅሶ ሰምቶ ድንጋይ ላይ የሚቀመጥ አባት አይደሉም። መጥተው በሩ ላይ ቆሙ፣ ክሯን አዩ፣ እጃቸውን ቱቦው አፍ ላይ አድርገው ነፋሱን ዳሰሱት። ከዚያ ወጥተው ወደ ጎተራው ሄዱ። ሲመለሱ አንድ እፍኝ እብቅ ይዘዋል፤ ከዘንድሮው ገብስ የቀረ።

"ነይ ወደ ውጪ" አሏት።

ጉና በኩል ካለው ግድግዳ ሥር፣ የቱቦው ጫፍ ከመስኮቱ ብቅ ካለበት ዘንድ ወሰዷት። እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው እብቁን ቀስ አድርገው ለቀቁት። እብቁ አልወደቀም። ከጉና የሚወርደው ነፋስ ተቀበለውና እፍ አድርጎ ቀጥታ ቱቦው አፍ ውስጥ ከተተው።

"እህል ስናዘራ ፊታችንን ወዴት ነበር የምናዞረው?" አሉ።

"ጀርባችንን ለጉና ሰጥተን ነበር።"

"በበጋ ነፋሱ ከወዲያ ነው የሚመጣ። ፊትሽን ወደ ጉና አዙረሽ ብታዘሪ እብቁን ማን ይቅመዋል?"

"እኔ።"

"ይኸው ቱቦሽ ፊቱን ለጉና ሰጥቶ ሊያዘራ ይታገላል። አንድ ጉና የሚያህል ነፋስ ከፊት እየገፋው ያቺ ቅባታም ማራገቢያሽ ምን አቅም አላት?"

ካሰች አሁን ገባት። መጀመሪያ የገጠሙት ሰሞን ነፋሱ ጋብ ብሎ ነበር፣ ለዚህ ነው የሠራው፤ አሁን ግን የየካቲት ነፋስ በርትቷል። እሷ ከጭቃ ግድግዳ ውስጥ ገብታ ስለ ቱቦ ስትጨነቅ ውጪ ያለውን ነፋስ አንድ ቀን እንኳን ዞር ብላ አላየችውም። ሪያድ ውስጥ ነፋስ የሚባል ነገር አልነበረማ! እዚያ ሁሉም በማሽን ነው።

"አባባ፣ ይኼን እያወቁ ለምን አልነገሩኝም?"

"ማን ጠየቀኝ? ቱቦ ነው አልሽኝ፤ እኔ ቱቦ አላውቅም። ነፋስ ነው ብለሽኝ ቢሆን ኖሮ ነፋስማ አውቃለሁ።"

ካሰች ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። "ጠዋት የተናገርኩትን ይቅር ይበሉኝ።"

"ተይ እባክሽ። ጋቢውን የወተፍኩት እኔ አይደለሁም?" አሉና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ግን ብርዱንስ ምን ልታደርጊው ነው? መግቢያውን ወደ ጉና ካዞርሽው ውርጩ ቀጥታ ልጆቹ ላይ ነው የሚወርደው።"

እውነታቸውን ነበር። ካሰች ጣራውን ቀና ብላ አየችው፤ ቆርቆሮው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲጠጣ ይውላል፣ ሲነኩት ይፋጃል። "ቱቦውን ከቆርቆሮው ሥር እናስኬደዋለን" አለች ቀስ ብላ። "ነፋሱ ከጉና ይገባል፣ በቱቦው ውስጥ ጣራውን ተከትሎ ሲሄድ ይሞቃል፣ ከዚያ ወደ ቤቱ ይለቀቃል። ለሌሊት ደግሞ ክዳን እናበጅለታለን፣ ግማሹን የሚዘጋ።"

"የክዳኑ ነገር ለኔ ይሁን" አሉ አያ ፋንታው ወዲያው።

ስማቸው ተጠርቶ ሲመጣ የሰቀለውን ሁሉ አውርድ ተባለና ጭንቅላቱን ያዘ። "እታለም፣ የናንተ ቤት አየር እኔን ሊገድለኝ ነው!" ቢልም ነገሩ ሲገባው እጅጌውን ጠቀለለ። በማግስቱ ረቡዕ ሲመሽ ሁሉም ነገር ተገልብጦ ነበር። መግቢያው በጉና በኩል ሆነ፤ ቱቦው ከጣራው ሥር ረጅሙን መንገድ ሄዶ ወደ ቤቱ ይከፈታል። መውጫው በወዲያኛው ግድግዳ፣ ነፋሱ ጀርባውን በሚሰጥበት በኩል ሆነ፤ ማራገቢያውም፣ ከወለሉ የሚስበው ቱቦም እዚያው። ክሯን መልሰው ወለሉ አጠገብ ቢያስሯት ልትበጠስ ደረሰች፣ እንደዚያ ነው የሳባት። በአንድ ቀን ሽታው ጠፋ። ሐሙስ ጠዋት እንጉዳዮቹ መርዘማቸውን ትተው መስፋት ጀመሩ።

ዓርብ ጠዋት ደግሞ ምን ይምጣ? የሰፈሩ ትራንስፎርመር ተቃጠለ። ወፍጮ ቤቱ ቆመ፣ ፀጉር ቤቱ ቆመ፣ ሰው ሁሉ መንገድ ላይ ወጥቶ ይራገም ጀመር። እስከ ማክሰኞ አይሠራም ተባለ። ስማቸው ሱቁን ጥሎ እየሮጠ መጣ።

"ካሰች! መብራት የለም! ማራገቢያሽ ቆሟል!"

ካሰች፣ አባቷና ስማቸው ተጋፍተው ወደ ቤቱ ገቡ። ዝም ብሏል፤ ያ የለመዱት ድምፅ የለም። ካሰች ተንበርክካ ወደ ቱቦው አፍ ተጠጋችና ክሯን አየች። ትንፋሿን ዋጠች፣ እንዳትነካካት።

ክሯ ወደ ቱቦው ተዘርግታለች። እንደ ትናንቱ አትወጠር ይሆናል፤ ግን ተዘርግታለች፣ አልተመለሰችም። ጉና በወዲያ በኩል እየገፋ ያስገባል፣ ነፋሱ በወዲህ በኩል እየሳበ ያስወጣል። ያለ መብራት! ያለ ማራገቢያ!

"ቤቱ ራሱ ይተነፍሳል!" ብላ ጮኸች። ብድግ ብላ ስማቸውን አቀፈችው፣ ከዚያ አባቷን አቀፈቻቸው፣ ከዚያ ደግሞ ማንን እንደምታቅፍ ጠፍቷት ቋሚውን አቀፈች። ስማቸው እያጨበጨበ መዝለል ጀመረ። አያ ፋንታው ክሯን እያዩ ጢማቸውን ይዘው ፈገግ አሉ። "እኔኮ መብራት የሚሉትን ድሮም አላምነውም" አሉ ኮራ ብለው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ክዳኑን ማታ ማታ በግማሽ መዝጋት፣ ጠዋት ጠዋት መክፈት የሳቸው ሹመት ሆነ። ለማንም አያስነኩም።

ሁዳዴ የገባ ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ካሰች በሩን ከፈተች። ምን ብዬ ልንገራችሁ? ከእያንዳንዱ ላስቲክ ላይ እንጉዳዩ እንደ ጽጌረዳ ተደራርቦ ፈንድቷል። እግሩ አጭር፣ ላዩ ሰፊ፣ ዳር ዳሩ ስስ፣ ቀለሙ አመድማ ነጭ። አንዱን ቆርጣ መዳፏ ላይ ብታደርገው መዳፏ አልታየም። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። እሷ እየቆረጠች አያ ፋንታው ቅርጫት ውስጥ እየደረደሩ፣ ሁለት ቅርጫት ሞልቶ አልበቃ ብሎ አንድ ሳፋ ተጨመረ። አባቷ ባጃጁ ውስጥ አንዱን ቅርጫት ጭናቸው ላይ አድርገው፣ እንደ ታቦት ተጠንቅቀው ይዘው ከተማ ወረዱ።

ማድ ቤቱ ውስጥ ካሰች ሽፋኑን ስትገልጥ እትዬ ብዙነሽ አልሳቁም። አንዱን አነሡ፣ ገለበጡት፣ ከሥሩ ያለውን ሽንሽን በጣታቸው ዳሰሱ፣ አሸተቱት። መጥበሻ ጣዱ። ዘይት፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ከዚያ እንጉዳዩን በእጃቸው ቀደው ቀደው ጨመሩበት። ሽታው ማድ ቤቱን ሲሞላው አሳላፊዎቹ ሁሉ አንገታቸውን ብቅ ብቅ አደረጉ። የዕለቱ ጾም ገና ስላልተፈታ እሳቸው አልቀመሱም፤ አንዱን ጾሙን የማይጾም ሾፌር ከደጅ አስጠርተው በሹካ አቀመሱት።

"ሥጋ ነው?" አለ ሾፌሩ።

እትዬ ብዙነሽ ወገባቸውን ይዘው ተንከተከቱ። "ሰማችሁት? ሥጋ ነው አለ! ሥጋ ነው አለ እኮ!" ከዚያ ወደ ካሰች ዞሩ። "አንቺ ልጅ፣ ያን ዕለት ያልኩሽን እንዳላልኩ ቁጠሪው። በሳምንት ሁለቴ ነው የምፈልገው፣ ሰኞና ሐሙስ። እስከ ፋሲካ ነው ያልኩሽ? ከፋሲካም በኋላ ዓርብ ረቡዕ አለ። ከዚህ የሚበልጥ ማምጣት ትችያለሽ?"

"እችላለሁ እትዬ!" አለች ካሰች፤ ከየት እንደምታመጣው እንኳን ሳታስብ።

ከማድ ቤቱ ስትወጣ እግሯ መሬት አይነካም ነበር። ግቢው በር ላይ ቆማ ለደላላው ደወለች። "ቪዛውን ተወው። ፓስፖርቴን በመጀመሪያው ሚኒባስ ላክልኝ።"

"ምነው? ሐሳብሽን ቀየርሽ? እንዲህ ያለ ቤተሰብ ሁለተኛ አታገኚም።"

"ሥራ አለኝ" አለችው። "ደብረ ታቦር ሥራ አለኝ!" ድምፅዋ ሳታስበው ጨምሮ ኖሮ መንገደኛ ሁሉ ዞሮ አያት፤ ግድም አልሰጣት።

ዘወር ስትል አባቷ ባዶውን ቅርጫት አንግተው ከኋላዋ ቆመዋል።

"ማን ነው?"

"ደላላው ነው አባባ።"

"ምን አልሽው?"

"አልሄድም አልኩት።"

አያ ፋንታው ፊታቸውን ወደ ግንቡ አዞሩ፣ በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። "ያን ጊዜ ስትሄጂ አትሂጂ ማለት አቅቶኝ ነበር" አሉ ወደሷ ሳይዞሩ። "በምን አፌ? ይዤ የማስቀርሽ ነገር አልነበረኝም። ዘንድሮም ያው አቅቶኝ ነው የከረምኩ። ዓመቱን ሙሉ ስልክሽ በጮኸ ቁጥር ሆዴ ይባባ ነበር።"

ካሰች ክንዳቸውን ያዘች። ባጃጅ ውስጥ ሲገቡ፣ ዳገቱን ሲወጡ፣ ቤት ሲደርሱም አልለቀቀችውም።

አያ ፋንታው ቤት እንደደረሱ አላረፉም። ከእንጉዳዩ ቤት ጎን ባለው ባዶ ቦታ ላይ ጀርባቸውን ለጉና ሰጥተው ቆሙ፣ ወደፊት አሥር እርምጃ፣ ወደ ጎን ስድስት እርምጃ ተራመዱ፣ በየማዕዘኑ ድንጋይ አስቀመጡ።

"ምን እያደረጉ ነው አባባ?"

"እችላለሁ ብለሻቸው የለ እንዴ! ሁለተኛውን ቤት ነዋ። ቱቦውን ኋላ ከምንቀድ አሁኑኑ ቦታውን እንተውለት። ገመድ አምጪልኝ።"

ካሰች ገመዱን አመጣችላቸው። ከዚያ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ዶማውን አነሣችና የመጀመሪያውን የቋሚ ጉድጓድ መቆፈር ጀመረች።